ሰው የማይሳፈርበት አውሮፕላን

ጁላይ 7፣ ሰኞ

ብሬንዳ ዛሬ ስብሰባ ላይ የማምጠቂያውን ቀን ነገረችን። ሴፕቴምበር መጀመሪያ። ብሬንዳ አለቃዬ ናት፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ስትጨነቅ ግን ቶሎ ቶሎ ትስቃለች። ዛሬ ብዙ ሳቀች።

ከአሁን በኋላ ለራሴ እንኳ መደበቁ ትርጉም የለውም፤ ዜናው ራሱ አውጥቶታል። የጦር ኃይሉ ትንሽ የጠፈር አውሮፕላን ነው። ሰው አይሳፈርበትም። የአንድ የግል ኩባንያ ሮኬት ጫፍ ላይ ተጭኖ ይወጣል፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሲዞር ይቆያል፣ ከዚያ ብቻውን ወርዶ እንደ ማንኛውም አውሮፕላን ያርፋል። እዚያ ላይ ሆኖ ምን እንደሚሠራ አይነገርም። ለኛም አልተነገረንም።

የኛ መሥሪያ ቤት የሚሠራው አውሮፕላኑን ሮኬቱ ላይ አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት ነው። ቀለበቱ ዙሪያውን መንጠቆ አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ መንጠቆዎቹ ሁሉ እኩል መልቀቅ አለባቸው። አንዱ ከዘገየ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። መልቀቃቸውን የምሞክረው እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ እማዬ፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?” አለችኝ።

“መንጠቆ።”

“ለመንጠቆ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርንሽ?” ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ጁላይ 10

ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ በመኪና መጨናነቅ ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ላይ ቆሜ መጣሁ ማለት ይቻላል። ደክሞኛል። አብሮኝ የሚሠራው ቱዋን ከጓሮው ፕለም ለቅሞ ሰጠኝ፣ “ለእናትሽ” ብሎ። እማዬ አንዱን ቀምሳ፣ “ይሄ የቬትናሙ ሰውዬ ደግ ነው” አለች። አይታው አታውቅም።

ጁላይ 13፣ እሁድ

እማዬ ዛሬም ከቸርች ቀረች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ጭጋግ ሲሆን ብቻዋን ወጥታ እስከ ቴሌግራፍ ጎዳና ድረስ ትሄዳለች፣ ቴሜስካል ሰፈር ካሉት ሱቆች ዕቃ ትገዛለች፣ ከሐበሻ ሴቶች ጋር ቆማ ታወራለች። ሰማዩ ሲጠራ መጋረጃውን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፣ መስኮት በሌለበት። ባሌ ህዝቅያስ ነርስ ነው፤ “ይሄ በሽታ ነው ተናኘ፣ አፖይንትመንት እንያዝላት” ይለኛል። ያዝንላት። ሄደችም። ሐኪሟ በአስተርጓሚ ብትጠይቃት፣ “ደህና ነኝ፣ ፀሐይ አይስማማኝም” ብላ ተመለሰች።

ፍሬምናጦስ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከተማችን መናኸሪያ ላይ፣ ሰው ሊሸኝ ሄዶ። የገደለው ድሮን ነው። እማዬ ቤቷ ደጃፍ ላይ ነበረች፤ “ድምፁን ሰምተን ቀና ብንል ምንም የለም፣ ሰማይ ብቻ” ትላለች። የምትለው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ያመጣኋት።

ይህንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከሥራዬ ጋር አይገናኝም። እኛ የሠራነው ቀለበት ነው።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

የብርድ ሙከራ። ቀለበቱን ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ አስገብተን እዚያ ላይ የሚጠብቀውን ብርድ እንሰጠዋለን፣ ከዚያ ልቀቅ እንለዋለን። ውስጡ ማይክሮፎን አለ። ማዳመጫውን ማድረግ ግዴታ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይመዘግባል፤ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኛል። ሲለቅ አንድ ድምፅ ነው የሚሰማው። ጠቅ። ሁሉም እኩል።

ዛሬ ከሰዓት በመጨረሻው ሙከራ ላይ ሁለት ሰማሁ።

በጣም ትንሽ ነው። ጠቅ ብሎ ከሥሩ ሌላ ጠቅ። ቱዋን ቡና ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩን አየሁት፤ አንዱ መንጠቆ ከሌሎቹ ዘግይቷል፣ ግን ከተፈቀደው ልዩነት ውስጥ ነው። አረንጓዴ አበራ።

ቱዋን ሲመለስ፣ “እንዴት ነው?” አለኝ።

“አለፈ” አልኩት።

ፈረመ።

ጁላይ 23

ቁጥሩ አልፏል። ያላለፈ ነገር አሳለፍኩ ማለት አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ማዳመጫውን እንኳ አያደርግም ነበር።

ጁላይ 24

እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ጣውላውን ሁለቴ ነካ። ሁለት ድምፅ። የመኪናዬ በር ላይም። ሳዳምጥ ዋልኩ።

ጁላይ 27፣ እሁድ

የኤል ሴሪቶ ጸሎት ቡድን፣ ጋሽ ዓባይነህ ቤት። ጭጋግ ስለነበር እማዬም መጣች። የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ እሷ እጇን አወጣች።

“ልጄ ሥራ በዝቶባታል። እንቅልፍ አትተኛም። ሥራዋ እንዲሳካላት ጸልዩልኝ።”

ጋሽ ዓባይነህ ወደኔ ዞረው፣ “ሥራሽ ምን ነበር ልጄ?” አሉኝ።

“ኢንጂነሪንግ ነው ጋሼ። እንዲህ ነው ተብሎ የማይነገር ነገር ነው…”

“ለኛ አይነገር እንጂ እሱ ያውቀዋል” አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ሁሉም እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። የእማዬን እጅ የለየሁት በመጠንከሩ ነው። ጋሽ ዓባይነህ፣ “ጌታ ሆይ፣ የእጇን ሥራ አቅናላት፣ ያሰረችው አይፈታ፣ የፈታችውም አይታሰር” ብለው ጸለዩ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔ አላልኩም።

መኪና ውስጥ እማዬ፣ “ለምን አሜን አላልሽም?” አለችኝ።

“ብያለሁ፤ በሆዴ።”

ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኦገስት 1፣ ዓርብ

ቀለበቱ ተጭኖ ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። ብሬንዳ ኬክ አመጣች። ኬኩ ላይ በክሬም ትንሽ ሮኬት ተሥሏል። ሁሉም ፎቶ ተነሳ፤ እኔ መጸዳጃ ቤት ነበርኩ።

ኦገስት 6

ምሳ ላይ ከጀርባዬ ሁለቱ አዳዲስ ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ፣ “ምን ይመስልሃል፣ ካሜራ ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚጭነው?” አለ። ሌላው፣ “ምንም ቢሆን የኛ ራስ ላይ አይደለም” አለው። ተሳሳቁ። ክፉ ልጆች አይደሉም። ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ባትሪ ያስነሱልኝ እነሱ ናቸው።

ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ባይላቀቅስ? ብዬ አሰብኩ። ማንም አይሞትም። ሰው የለበትም። አጋድሎ ሮኬቱን ይመታል፣ ወይም እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ከዚያ ተቃጥሎ ውቅያኖስ ላይ ይበተናል። ኢንሹራንስ ይኖረዋል። ሌላ ይሠራሉ። ማንም አይሞትም፣ ይህንን ደጋግሜ ነው ያሰብኩት።

የማስበው እንደ ሙያ ነው። ሊበላሽ የሚችለውን ማሰብ ሥራዬ ነው።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ከህዝቅያስ ጋር ተጣላን። ጠብ እንኳ አይባልም። እራት ላይ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

“የምትሠሪውን አልጠየቅኩሽም” አለኝ። “ስንጋባ አልጠይቅሽም ብዬ ተስማማሁ፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም። አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ምን ሆነሻል?”

“ሥራ ነው።”

“ሥራ ሁልጊዜ ነበረ። እንዲህ ሆነሽ አታውቂም። ሰው ሞቶብሽ መርዶውን የደበቅሽን ነው የምትመስይው።”

እማዬ አብራን ተቀምጣ ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳህን አነሳሁና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ። ሰው አልሞተብኝም፤ ማለት፣ አዲስ ሰው።

ብናገር ምን እላለሁ? “ሁለት ድምፅ ሰማሁ።” “መቼ?” “በጁላይ።” “ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

ቁጥሩ አልፎ ነበራ።

ኦገስት 17፣ እሁድ

ቱዋን ዛሬ ወደ ፍሎሪዳ በረረ። ቀለበቱን ሮኬቱ ላይ ከማሰራቸው በፊት እዚያው የመጨረሻ ሙከራ ያደርጉለታል፦ የአውሮፕላኑን ክብደት የሚያክል ብረት ይሰቅሉበታል፣ ከዚያ አቀዝቅዘው ያስለቅቁታል። ቱዋን ነው የሚያስለቅቀው። ዓርብ ዕለት ዕቃውን ሲያሰናዳ፣ “ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻዬ ነው” አለኝ። ከዚያ የእጅ ባትሪውን እየሞከረ፣ “ከሥሩ ገብቼ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ እንደዚህ ነኝ” አለ።

ከሥሩ ገብቼ አለ።

ዓርብ ነው የሰማሁት። ዛሬ እሁድ ነው። ሁለቱን ቀን ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።

ኦገስት 18፣ ሰኞ

ሙከራው ነገ ነው። ብሬንዳ ሁለት ጊዜ አጠገቤ መጥታ ቆማ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ “ሁሉ ደህና?” አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ አዎ አልኳት።

ኦገስት 19፣ ማክሰኞ

ደወልኩ።

ጠዋት እማዬ ፕለሙ የመጣበትን ላስቲክ አጥባ ቆሎ ሞላችልኝና፣ “ለዚያ ሰውዬ የኛን ቆሎ ስጪው፣ ባዶ ላስቲክ አይመለስም” አለችኝ። ፍሎሪዳ ነው አላልኳትም። መኪናው ውስጥ ላስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ እጁ ብቻ ታየኝ። የቱዋን እጅ። ብረቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል።

ሳን ሆዜ ስደርስ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ፓርኪንግ ላይ ሆኜ ደወልኩ። የተነጋገርነውን እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ።

“ቱዋን፣ ከሥሩ እንዳትገባ።”

“ቴና? ምን ሆነሽ ነው?” ሥራ ቦታ የሚጠሩኝ እንደዚህ ነው።

“አንዱ መንጠቆ ይዘገያል። በብርድ። ሁለት ድምፅ ሰምቻለሁ።”

ከጀርባው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል። ወደ ሌላ ቦታ ሄደ መሰለኝ፣ ጸጥ አለ።

“መቼ ነው የሰማሽው?”

“አንተ ቡና ልታመጣ በወጣህበት ቀን።”

“ያ እኮ ወር ሊሞላው ነው።”

“ቁጥሩ አልፎ ነበር።”

“ቁጥሩን አልጠየቅኩሽም” አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። ብቆጣ ይሻላት ይሆን እያለ የሚያስብ ይመስል ዝግ ብሎ ነው የተናገረው። “ለምንድነው ዝም ያልሽው?”

መለስኩለት ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ እሱም እስክጨርስ ጠበቀኝ። ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ያውቃል። የዛሬ ሁለት ዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ሥራዬን የሸፈነልኝ እሱ ነው፣ ምንም ሳይጠይቅ።

“ሕፃን ሆኜ” አለኝ በመጨረሻ፣ “መንደራችን ላይ አውሮፕላን ሲመጣ አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ይከተን ነበር። ከላይ በቅርንጫፍ ይሸፍነናል። እዚህ ሥራ ስገባ አባቴ በሕይወት ነበር፤ ከኛ ጋር ነበር የሚኖረው። ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ ብሎን ነው እለው ነበር።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሞተ። ብሎን እንደምሠራ እያሰበ ሞተ።” ከዚያ፣ “ሪፖርቱ ላይ አንቺ ደውለሽ አስጠነቀቅሽኝ ብዬ እጽፋለሁ። መቼ እንደሰማሽ አልጽፍም። ይህንን የማደርገው ለራሴም ነው፤ ሙከራው አለፈ ብዬ ፈርሜበታለሁ።”

“ቱዋን፣ አንተ…”

“ሂጂ ሥራሽ ግቢ” አለኝ።

ኦገስት 20

ከሩቅ ሆነው አስለቀቁት። ማንም ከሥሩ አልነበረም። ያው መንጠቆ ዘገየ፣ እኛ ከለካነው በላይ። ብረቱ አጋድሎ መደገፊያውን ሰበረው። ቱዋን በቴክስት የላከልኝ ፎቶ ላይ የተሰበረው ቦታ እሱ ተንበርክኮ የሚያየው ቦታ ነው። ከፎቶው ጋር ምንም አልጻፈም።

ኦገስት 22፣ ዓርብ

ቅባቱ ነው። የአንዱ መንጠቆ ቅባት በብርድ ይረጋል። ሁሉም ተፈትቶ ይታጠባል፣ አዲስ ይቀባል፣ እንደገና ይሞከራል። ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር አጋማሽ ተገፋ።

ብሬንዳ ሁሉንም ሰብስባ፣ “ቴና ባትኖር ይህ ዕቃ ጠፍቶብን ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ የከፋ” አለች። አጨበጨቡልኝ። አዳዲሶቹ ልጆች አጠገቤ መጥተው እንዴት እንደሰማሁት ጠየቁኝ፤ የልምድ ጉዳይ ነው አልኳቸው። ውሸት ውሸትን ሲያረጋጋው እንዴት ደስ እንደሚል ገርሞኛል። ለጥቂት ደቂቃ እኔም አመንኩት።

ቤት ስመጣ ህዝቅያስ ፊቴን አይቶ፣ “አለቀ?” አለኝ። “አለቀ” አልኩት። አቀፈኝ። የሆስፒታሉ ሽታ ከላዩ ሳይለቅ አቀፈኝ፤ ወትሮ ሳይታጠብ አይነካኝም ነበር።

ሴፕቴምበር 2

እንቅልፍ ይመጣል ብዬ ነበር። የሰው እጅ አድኛለሁ። ያ መልካም ነው፣ ማንም ቢጠይቀኝ መልካም ነው እላለሁ። ግን ቱዋንን ብቻ ማዳን አይቻልም ነበር? መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። እሱን ሳድን ያኛውንም አዳንኩት።

ያኛውንም ስል ምን ማለቴ ነው። ይህንን ገጽ ልቀደው ነበር፣ ተውኩት።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ወጣ።

መሥሪያ ቤት ትልቁ ስክሪን ላይ አየነው። ሮኬቱ ተነሳ፣ የታችኛው ክፍል ተመልሶ መጥቶ ባሕር ላይ ባለ መርከብ ላይ ቆመ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ አስተዋዋቂዋ በደንበኛው ጥያቄ ከዚህ በላይ እንደማያሳዩ ተናግራ ስርጭቱ ተቋረጠ። ቀለበቱ የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ጠቆረ፤ እኛ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። የሠራሁት ነገር የሚሠራበትን ሰዓት እንዳላይ ተከልክያለሁ።

ቆይቶ የብሬንዳ ስልክ ጮኸ። አዳመጠች፣ አመሰገነች፣ ዘጋች። “ሁሉም እኩል” አለች። አለቀሰች። ቱዋን ከወንበሩ ተነስቶ ኮቱን ለበሰና ቀስ ብሎ ወጣ።

ብሬንዳ ቢሮዋ ጠራችኝ። ሁለተኛ ቀለበት ታዟል። የቱዋንን ቦታ ወስጄ እንድመራው ትፈልጋለች። “ሰኞ ንገሪኝ፣ አስቢበት” አለችኝ።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት።

ህዝቅያስ ሥራ ገብቶ ነበር። ሁለታችን ብቻ ምሳ ቀርበን ነበር። መናገር የሌለብኝን አልተናገርኩም፤ ዜና ላይ የወጣውን ብቻ ነው። ስልኬን አውጥቼ ሮኬቱ ሲነሳ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከፈትኩላት። መነጽሯን አድርጋ አየችው። እሳቱን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች።

“ይሄ ነው ሥራሽ?”

“ሮኬቱ አይደለም። ጫፉ ውስጥ አንድ አውሮፕላን አለ። የጦር ነው። እሱን የሚይዘውን ነው የሠራነው።”

“ስንት ሰው ይዟል?”

“ሰው አይሳፈርበትም እማዬ።”

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ በግንባሩ ደፍታ።

“ያኛውም ሰው አልነበረበትም” አለችኝ።

“ይሄ እንደዚያ አይደለም። ይሄ በጣም ከላይ ነው የሚዞረው፣ ቦምብ…”

“ምን ይሠራል እዚያ ላይ?”

“አላውቅም።”

“አታውቂም?”

“አይነግሩንም። ማንም አያውቅም።”

“ሳታውቂ ነው የሠራሽው።” ጥያቄ አልነበረም። ከእንጀራው ትንሽ ቆረሰችና ሳትጎርሰው ያዘችው። ብትጮህብኝ፣ ብታለቅስ፣ ስለ ፍሬምናጦስ ብታነሳብኝ ዝግጁ ነበርኩ፤ መልሱን ለስንት ሳምንት ሳጠና ነበር። ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

“ያንን የላከውን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። ያንን የሠራውን ግን ጠዋት ጠዋት እረግመዋለሁ። እጁ ይድረቅ፣ ከልጁ አያብላው እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ፊቱን በሐሳቤ ሥዬው ነበር፤ ሽማግሌ አድርጌ፣ ክፉ አድርጌ።” ፊቴን አየችው። “እናት ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።”

ቁራሹን ሰሃኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። እጇን ልይዛት ስል ቀድማ የኔን ያዘችው። መዳፌን ገለበጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳበሰች ቆየች፣ ሕፃን ሳለሁ ጥፍሬን ልትቆርጥልኝ ስትል እንደምታደርገው።

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

ለብሬንዳ እንደማልቀበል ነገርኳት። ከዚህ ክፍልም መውጣት እፈልጋለሁ አልኳት፤ የሕክምና መሣሪያ የሚሠራው ቡድን ውስጥ ቦታ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ግን ሥራ እለቃለሁ። ደነገጠች። “ምክንያቱን ልወቅ?”

“እናቴ ናት” አልኩ።

“አመማት እንዴ?”

አዎ ብል ያበቃ ነበር። “የለም፣ እሷ ደህና ናት” አልኳት። ሌላ የምትጨምሪው አለ ወይ በሚል አየችኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ይህ የቀኑ ነው። ሳልጽፈው ልተኛ ያልኩት የጠዋቱን ነው።

እማዬ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ክፍሏ ውስጥ ድምፅ አውጥታ ትጸልያለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ፦ መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ እኔና ህዝቅያስ፣ ከዚያ አገር ያሉ ዘመዶች በየስማቸው። ከነሱ ቀጥሎ ድምፅዋ ይቀንስና ቃሉ አይለይም። ለራሷ የምትጸልየው ይመስለኝ ነበር። አሁን ምን እንደሆነ አወቅሁ።

ዛሬ ቁልፌን ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ። ምስጋናውን ጨረሰች። ስሜን ጠራች። ዘመዶቹን ጠራች፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ ደረሰች።

ዝም አለች።

ስትተነፍስ ይሰማኛል። አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋ እንኳ የሰማሁ መሰለኝ። ጠበቅኩ። ከዚያ መጠበቅ አቃተኝ። ጫማዬን እጄ ላይ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ፣ ጸሎቷን እንዴት እንደጨረሰችው ሳልሰማ።